እማዬ ዱባይ መጥታ ጨው አጣች!

«አራዳ» ነን ባዮች አንድ ክፉ አመል አለብን፤ የጎደለብንን አንናገርም። ኪሳችን ባዶ ሆኖ «ዛሬ በኔ ነው» ብለን ማኪያቶ የምንጋብዝ፣ «የቤት ኪራይ ውዝፍ አለብኝ» ብሎ ከመናገር ሞት የሚቀለን ጉዶች ነን። ፒያሳ ተወልጄ ስላደግኩ ይህን አመል በወሬ አይደለም የማውቀው። አብሮኝ ነው ያደገው። አውሮፕላን ስሳፈርም ቲኬት ሳልቆርጥለት አብሮኝ ተሳፍሯል።

ዛሬ የማጫውታችሁ ይኸው አመል ሰው አገር ስላስከፈለኝ ዋጋ ነው። ውጭ እየኖራችሁ እናት፣ አባት ወይም ታናሽ ወንድም ሊጠይቃችሁ የሚመጣባችሁ፣ ወይም እዚሁ ሆናችሁ «እስቲ ልጃችን ዘንድ ደርሰን እንምጣ» ብላችሁ ሻንጣ የምታዘጋጁ ሁሉ ጉዳዩ ይመለከታችኋል።

አልጋ እንጂ ቤት አልተከራየሁም

እስያ ሲባል ብዙዎቻችን ቻይናና ጃፓን ይመጡብናል። እኛ «አረብ አገር» ብለን ባንድ ከረጢት የምንከታቸው ዱባይ፣ ቤይሩት፣ ሪያድና ዶሃም ግን እስያ ናቸው። ዱባይ ከቦሌ የአራት ሰዓት ገደማ በረራ ናት። ጎንደር በአውቶቡስ ከመሄድ ትቀርባለች ማለት ነው። የልባችንን ለመነጋገር ግን በጣም ሩቅ ናት።

እኔ ዱባይ የገባሁት በ2013 ዓ.ም. ነው። ዴራ በሚባለው የድሮው የገበያ ሠፈር አንዲት ካፍቴሪያ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደሞዜ 2,200 ድርሃም ነበር። ዴራ ለፒያሳ ልጅ ብዙም እንግዳ አትሆንም፤ የወርቅ ገበያው እዚያ ነው፣ ግፊያው እዚያ ነው፣ የሐበሻ ምግብ ቤቱም እዚያው ነው።

የምኖረው «ቤድ ስፔስ» በሚሉት ነበር። ለማታውቁት ላስረዳ። አንድ መኝታ ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋዎች ይደረደራሉ፤ የምትከራዩት ክፍሉን ሳይሆን አልጋውን ነው። እኛ አራት ተደራራቢ አልጋ ላይ ስምንት ሴቶች ነበርን። የኔ የላይኛው ነው፣ በወር 600 ድርሃም። ሻንጣዬ ከአልጋው ሥር፣ ጫማዬ በሩ ላይ፣ እኔ ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባ። ገሚሶቻችን ማታ ስለምንሠራ ቀን ቀን የሚተኛ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ እዚያ ክፍል ውስጥ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማውራት ነውር ነው።

ለእናቴ የነገርኳት ግን ሌላ ነው። «ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ፤ ብቻዬን ነኝ፤ ኩሽናዋ ቁልጭ ያለች ናት» ብያታለሁ። መቼም አንድ ውሸት ብቻውን አይቆምም፤ ድጋፍ ይፈልጋል። ሰው ቤት የምትሠራ ጓደኛዬ የአሠሪዎቿን ሳሎን ፎቶ አንስታ ስትልክልኝ እኔ ደግሞ ለእናቴ አስተላለፍኩት። «ተመስገን!» አለችኝ። ያቺ «ተመስገን» እንዴት እንደጣፈጠችኝ አልነግራችሁም።

«መጥቼ ልይሽ»

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢዎች ለልማት ሲፈርሱ ዶሮ ማነቂያ የተወለድኩበት ቤትም አብሮ ፈረሰ። እናቴ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገባች። ጎረቤቱ ተበተነ፤ እድሩም፣ ቡናውም እንደዚያው። በ2017 መግቢያ ላይ አንድ ቀን ስደውልላት «እዚህ ማንንም አላውቅም፤ መጥቼ ልይሽና ልመለስ» አለችኝ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እምቢ ማለት አልቻልኩም። እውነቱን መናገርም አቃተኝ። የቀረኝ ሦስተኛው መንገድ ነው፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው።

አሥር ሐበሾች ሆነን በወር 300 ድርሃም የምንጥለው እቁብ ነበረን። ዕጣው የወጣላትን ልጅ ለምኜ፣ ተለማምጬ 3,000ውን ድርሃም ወሰድኩ። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ወደ 100 ሺህ ብር ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ሲመነዘር ድርሃም ምን ያህል እንደከበደ ታውቁታላችሁ። በዚያ ገንዘብ ዕቃው የተሟላ ስቱዲዮ ለአሥራ አራት ቀን በ2,800 ድርሃም ተከራየሁ። ለቲኬትና ለቪዛ ደግሞ ያጠራቀምኳትን ጥሪት አራገፍኩ። ልብሴን አምጥቼ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቀልኩ። ግድግዳው ላይ የእናቴን ፎቶ ለጠፍኩ። አንድ የረሳሁት ነገር ግን ነበር።

ታኅሣሥ 2017 ላይ እናቴ በርበሬዋን፣ ሽሮዋን፣ ድርቆሿን፣ ቆሎዋንና ጀበናዋን ሸክፋ መጣች። ተቃቅፈን ተላቀስን። ቤት እንደገባን ቀሚሷን እንኳ ሳትቀይር «ሽሮ ልሥራልሽ» ብላ ምድጃው ላይ ቆመች።

«ጨው የት ነው የምታስቀምጪው?»

አንዱን መሳቢያ ሳብኩ፣ ሌላውን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ጨው የለም። ስኳር የለም። ዘይት የለም።

«አልቆ ነው» አልኳት።

«ሁሉም ባንዴ?»

ነገሩን ለማለፍ መብራት ላብራ ብዬ ማብሪያውን ስጫን የአየር ማቀዝቀዣው ተነሣ። አራት ዓመት «ኖሬበታለሁ» በምለው ቤት ውስጥ የመብራቱ ማብሪያ የት እንዳለ አላውቅም! እናቴ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ወርጄ ጨው ገዝቼ መጣሁ። ሽሮውን በላን።

ጉብኝት ወይስ ቲያትር?

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ሩጫ ነበሩ። ጳጉሜን 2001 ሥራ በጀመረው ሜትሮ ተሳፍረን የሴቶችና የሕፃናት በሆነው ፉርጎ ተቀመጥን። እናቴ ከቦርሳዋ ቆሎ አውጥታ አጠገቧ ላለችው ፊሊፒናዊት «እንኪ፣ ብዪ» ብላ ዘረጋች። እኔ እጇን አፈፍ! ሜትሮ ውስጥ መብላትና መጠጣት 100 ድርሃም ያስቀጣል። «ሰው ሲጋብዙ ነው የሚቀጡት?» ብላ ተገረመች።

ቡርጅ ኻሊፋን ከሥሩ ቆመን አየነው። ከፍታው 828 ሜትር ነው፤ ታኅሣሥ 2002 የተመረቀ የዓለማችን ረጅሙ ሕንፃ ነው እያልኩ እንደ አስጎብኚ ስለፈልፍ እሷ አንገቷን አቅንታ ብዙ ካየችው በኋላ «መስኮቱን ማን ይወለውለዋል?» አለች። ወርቅ ገበያም ወሰድኳት። «ቀለበት ልግዛልሽ» ብዬ ሙጭጭ ስል ዋጋውን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ይሄን የምታገኚው በስንት ቀን ሥራ ነው?» አለች። ዝም አልኩ። እጄን ይዛኝ ወጣች።

የዓመት ፈቃዴ ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ገንዘቡም እያለቀ ነው። ማታ ማታ እሷ ስትተኛ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሹክሹክታ ለጓደኞቼ እየደወልኩ «50 ድርሃም አበድሪኝ» እላለሁ። በስድስተኛው ሌሊት ስወጣ እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለች። «ስትደውዪልኝ ለምንድነው ሁልጊዜ የምትንሾካሾኪው? የራሱ ቤት ያለው ሰው በቤቱ ይጮሃል። አንቺ አራት ዓመት ሙሉ በሹክሹክታ ነው ያዋራሽኝ። አንድ ሰው አስሮ ያስቀመጠሽ መስሎኝ ነበር። የሚመታሽ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር። እንቅልፍ አልነበረኝም።»

ወገኖቼ፣ እኔ እናቴ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው የዋሸሁት። እሷ ግን ከቤይሩቱም ከሪያዱም የሰማችውን ክፉ ወሬ ሁሉ በኔ ላይ ደርባ ስትቃጠል ኖራለች። እውነቴ ጠባብ አልጋ ነበር። የደበቅኩላት እውነት እሷ በሐሳቧ ከፈጠረችው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ከአልጋው በታች ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ቤድ ስፔሱን፣ የሳሎኑን ፎቶ፣ እቁቡን።

ጨርሼ ቀና ስል ሳቅና ልቅሶ ተቀላቅሎባታል። «በይ ነገ አልጋሽን አሳዪኝ» አለች።

ስምንቱ ሴቶችና አንዷ እናት

በማግሥቱ ወሰድኳት። በዚያ ሰዓት አምስቱ ልጆች ክፍል ውስጥ ነበሩ። «እናቴ ናት» ስል የተኙት ተነሡ፤ አንዷ ፊቷን ሳትታጠብ ጉልበቷን ሳመቻት። የሰው እናት እኮ እዚያ አገር የሁሉም እናት ናት። የጭስ መጠቆሚያው እንዳይጮህብን ዕጣኑን ትተን በኤሌክትሪክ ምድጃ ቡና አፈላች። ስኒ ስላልበቃ በብርጭቆ ጠጣን። ከዚያ ደግሞ እናቴ ካልወጣሁ ብላ የኔን አልጋ መሰላል ይዛ ወጣች! ላይ ሆና ጣሪያውን በእጇ ዳሰሰችው። «ይቀርባል» አለች፤ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ መልእክቱ መጣ። «እማማ፣ አዲስ አበባ ሲገቡ ለእናቴ ይደውሉልኝ፤ ደህና ናት ይበሉልኝ።» «ለኔም እናት እማማ፤ ቤቷ ሰፊ ነው ይበሉልኝ።» «እኔም ብቻዬን ነው የምኖረው ብያለሁ፤ እንዳያጋልጡኝ።» ለካስ የዋሸሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ስምንታችንም የየራሳችን ስቱዲዮ ነበረን!

እናቴ የሁሉንም ስልክ በወረቀት ጻፈች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ «ስሙኝ ልጆች» አለች። «ሰፊ ነው አልልም። ደህና ናት እላለሁ። ጓደኞቿ ጥሩ ናቸው እላለሁ። አልጋዋ ጠባብ ነው፣ ለፍታ ነው የምታድረው እላለሁ። እናንተ ካልፈቀዳችሁ ግን አልደውልም።»

ዝምታ ሆነ። አራቱ «እሺ» አሉ። አንዷ ግን ወረቀቱን ተቀብላ የእናቷን ቁጥር አጥብቃ ሰረዘችው። «እናቴ ልበ ደካማ ናት፤ ትሞትብኛለች» አለች። እናቴ አልተከራከረቻትም፤ ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዳችላት። እኔም አልፈርድባትም። ሁሉም የእናቱን ልብ ያውቃል፤ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል።

የዓረብ ሱቁ ሰውዬ

ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት ከዴራ ወደ ቡር ዱባይ በአብራ ተሻገርን። አብራ ትንሽ የእንጨት ጀልባ ነው፤ ዋጋው አንድ ድርሃም ነው። ከከፈልኩላት መዝናኛ ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር፤ በጣም የወደደችውም እሱን ነው። ውኃው ላይ ሆና እንዲህ ስትል አጫወተችኝ።

«ልጅ ሆኜ እኛ ሠፈር አንድ የየመን ሰው ነበር። ዓረብ ሱቅ ነው የምንለው። ስኳሩም፣ ጋዙም፣ ክብሪቱም እሱ ጋ ነው። ማታ ሱቁን ዘግቶ እዚያው ባንኮኒው ጀርባ፣ በጆንያዎቹ መሐል ይተኛል። ጠዋት ጨው ልግዛ ስሄድ ፍራሹን ሲጠቀልል አየዋለሁ። ዓመት ሙሉ እንደዚያ ኖሮ ለአገሩ ገንዘብ ይልካል። እኛ ሀብታም ይመስለን ነበር። እናቱ ደግሞ ስለ ሱቁ ምን እንደነገራት እንጃ!»

ይህን ወሬ ከሰማሁ ወዲህ ፒያሳን ሳስባት ሌላ ትሆንብኛለች። አያቶቻችን ስኳር የገዙት ከየመኖቹ፣ ጨርቅ የገዙት ከሕንዶቹ፣ ወርቅ ያሠሩት ከአርመኖቹ ነው። እነዚያ ሁሉ ከእስያ ተነሥተው እኛ ሠፈር እንጀራ ሊፈልጉ የመጡ ሰዎች ናቸው። ዛሬ እኛ በተራችን እነሱ ወደተነሡበት አቅጣጫ ሄደን ከመጋረጃ ጀርባ እንተኛለን። የሚያሳፍረው የቱ ላይ ነው?

«እኔም ብሆን» አለች እናቴ ከጀልባው ስንወርድ፣ «ቤትሽ የት ነው ሲሉኝ እስካሁን ፒያሳ ነው የምለው። ፒያሳ ግን ቤት የለኝም። ስለዚህ አንቺን ብቻ አልቆጣም።»

አዲስ አበባ ከገባች በኋላ ለአራቱ እናቶች ደወለች። አንዷ አለቀሱ። ሁለቱ «ጠርጥረን ነበር» አሉ። አራተኛዋ ልጃቸው ፍሪጅ እንድትልክ ሲጨቀጭቋት የነበሩ ሴት ናቸው። በዚያው ሳምንት ለልጃቸው ደውለው «የፍሪጁ ነገር ይቅር፤ መጀመሪያ እግርሽን የምትዘረጊበት ቦታ ፈልጊ» ብለዋታል። ልጅቱ ይህን ስትነግረኝ ከላይኛው አልጋ እስከ ታችኛው ሁላችንም ሰምተናል፤ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ረስታ ነበር።

እስቲ እንመካከር

በእቁቡ ብድር የቀጣዩን ዓመት ግማሽ ሽሮ ብቻ እየበላሁ ነው ያሳለፍኩት። እናንተ እንደኔ እንዳትሆኑ ጥቂት ምክር ልጣል።

እንግዳ የምትቀበሉ ሆይ! ቲኬት ከመቆረጡ በፊት እውነቱን ተናገሩ። «የምኖረው በቤድ ስፔስ ነው፤ ለአንድ ሳምንት ርካሽ ክፍል እከራይልሻለሁ» ማለት ይቻላል። ቤተሰብን እዚያው አልጋ ላይ አስተኛለሁ ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። የዱባይ ማዘጋጃ ቤት ከልክ በላይ ሰው የታጨቀባቸውንና ያለፈቃድ በፓርቲሽን የተከፋፈሉ ቤቶችን ይከለክላል፤ በሰኔ 2017 ዓ.ም. በነዋሪዎች ደኅንነትና በእሳት አደጋ ምክንያት አል ሪጋን በመሳሰሉ ሠፈሮች ቁጥጥሩን አጥብቋል። ለአሥራ አራት ቀን ከማስመሰል ለአምስት ቀን በእውነት ማስተናገድ ይሻላል። ጊዜውንም ምረጡ። ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ደግ ነው፤ በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ አዛውንት እናት አታምጡ። የቪዛውንም ቀን ቁጠሩ፤ ካለፈ በየቀኑ 50 ድርሃም ቅጣት ያስከፍላል።

ሻንጣ የምታዘጋጁ ሆይ! በርበሬውና ሽሮው ይግባ። ጫት ግን እዚያ አገር በሕግ የተከለከለ ነው፤ «ለእገሌ አድርሱልኝ» የሚሏችሁን ፌስታል ሳትፈትሹ አትቀበሉ። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የሐኪም ማዘዣችሁን ያዙ። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች ቁጥጥር ስላለባቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመሄጃችሁን ምክንያት ለልጃችሁ ንገሯት። ልታይዋት ከሆነ «ላይሽ ነው» በሏት፤ ሕንፃ ልታሳይ እንዳትባክን።

እዚህ የቀራችሁ ወንድምና እህቶች ደግሞ! ውጭ ያለች እህታችሁ ስትደውል «ምን ላክሽ?» ከማለታችሁ በፊት «የት ሆነሽ ነው የምትደውዪው?» በሏት። ደረጃ ላይ ነኝ፣ ኮሪደር ላይ ነኝ ካለች ነገሩ ይገባችኋል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ማንም ይህን አልጠየቀኝም። የጠየቀችኝ እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም ዱባይ ድረስ መጥታ።

ዛሬ አገሬ ገብቼ ይህን የምጽፍላችሁ ፒያሳ ከአንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ነው። እዚያ ያሉ ጓደኞቼ አሁንም ይደውሉልኛል። ያቺ የእናቷን ቁጥር የሰረዘችው ልጅ ባለፈው ሰሞን ደውላ «የእናትሽን ስልክ ላኪልኝ እስቲ» ብላኛለች። ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅኳትም፤ ላክሁላት።

እናንተም ዛሬ ማታ ለእናታችሁ ደውሉ። ብቻ አደራ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ! ቸር ያሰንብተን።